«የኔ ማር» መሥሪያ ቤት ግሩፕ ውስጥ እንዳይገባ

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲከር ጣትም ይሰንፋል። ለሚስት የታሰበው «የኔ ማር፣ ፍትፍቱ አንጀቴን አራሰው» የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዱብ ይልና ሒሳብ ክፍሉ በሙሉ «ማር» እያለ ሲጠራችሁ ይከርማል።

የሚያሳስተው አዲስ መልእክት በገባ ቁጥር ቻቶቹ ቦታ መቀያየራቸው ነው። የባለቤታችሁንና የእናታችሁን ቻት ተጭናችሁ ያዙና ፒን አድርጉ፤ ከላይ አይነቃነቁም።

ምስጋናውን ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ጽፋችሁ ለምሳ ሰዓት መቅጠርም ይቻላል። የመላኪያውን ቀስት ተጭናችሁ ስትይዙ «ስኬጁል ሜሴጅ» ይመጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ ቀን 6 ሰዓት እሱ ዘንድ 12:00 ነው። ለነገ ምሳ ብላችሁ 6:00 ከሞላችሁ መልእክቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ አጠገባችሁ የተኛችውን ሰው ይቀሰቅሳል።

ስትጽፉ ደግሞ ነገሩን በስሙ ጥሩት። ባዶ «አመሰግናለሁ» ለባንክ ቤት ዘበኛም ይባላል፤ «በዚያ ወበቅ ሸሚዜን ተኩሰሽ ማደርሽን አየሁ» ግን ለእሷ ብቻ ነው።

ካመለጣችሁ መልእክቱን ተጭናችሁ «ዲሊት» በሉ፤ ለሁሉም የሚል ሳጥን ከመጣ ምልክት አድርጉበት፣ ምልክቱን ካላደረጋችሁ ከእናንተ ዘንድ ብቻ ይጠፋል። ቴሌግራም ዱካ አይተውም። ዋትስአፕ ግን መልእክት መጥፋቱን ለግሩፑ ስለሚያሳብቅ፣ ሐሜቱ ከማሩ ይብሳል።