ስዌይ ባር መፍቻ ስትገዙ መመለሱን አስቡ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ኮሎራዶ ተራራ ውስጥ፣ በረዶ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ አንዲት ሚጢጢ ክሊፕ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጅቻለሁ። ጠዋት ስዌይ ባሩን፣ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ፣ የፈታሁት በአምስት ደቂቃ ነበር፣ እያፏጨሁ። ማታ ልመልሰው ስል ቀዳዳውና ፒኑ አልገጥም አሉ። እጄ ደነዘዘ። ክሊፗ ከጣቴ አመለጠችና በረዶው ዋጣት። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ ሁለቱንም ጎን ወደ ላይ አሰርኩና፣ መኪናዋ በየኩርባው እንደ ጀልባ እያጋደለች፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክሱን እየነፋብኝ፣ በ285 መንገድ እየተንፏቀቅኩ ወደ ዴንቨር ወረድኩ። እናንተ ይህንን አታድርጉት።

ከዚያ ወዲህ ሰው "ድንጋይ ላይ ስዌይ ባሩን ፈትቼ ማታ የምመልስበት ዕቃ የትኛውን ልግዛ?" ሲለኝ ስንት ኢንች ጎማ እንደሚያወርድለት አላወራውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማታ፣ ደክሞህ፣ ጭቃ ውስጥ ሆነህ እንዴት ነው የምትመልሰው?

ነገሩን ከስሩ ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ስዌይ ባር፣ አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ስታብላይዘር የሚሉት፣ የግራውንና የቀኙን ጎማ የሚያያይዝ የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው። መሃሉ ቻሲው ላይ በጎማ ቡሽ ይታሰራል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ በሊንክ፣ ማለትም በአጭር ማያያዣ ብረት፣ ወደ አክስሉ ይወርዳሉ። አስፋልት ላይ ኩርባ ስትይዙ መኪናው ላጋድል ሲል ዘንጉ ይጠመዘዝና እምቢ ይላል። ደህና ነው። ድንጋይ ላይ ስትወጡ ግን ያው እምቢታ ዞሮ ይጎዳችኋል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አለበት፣ ዘንጉ ደግሞ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይፈልጋል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በባዶ ሲሽከረከር ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ዘንጉ ትንሽ ሲወፍር ደግሞ በጣም ነው የሚጠነክረው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ውፍረቱ 10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው 46 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ዘንጉን መፍታት ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ጥቅም አለው። ጉርብጥብጥ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ የቀመሰውን ዘንጉ ለሌላው ያቀብላል፣ ስለዚህ መኪናው ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ጭንቅላታችሁም ከመስኮቱ ጋር ሰላም ይባባላል። መጀመሪያ ፈትቼ ስነዳ ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ "መንገዱን ሰርተውታል እንዴ?" አለችኝ። ማንም አልነካውም፣ ያው ድንጋዩ ነው። ለኔ እንዲያውም ከጎማ መውረዱ ይልቅ ይሄኛው ይበልጣል፣ ምክንያቱም አስቸጋሪ ድንጋይ በወር አንዴ ነው የሚገጥመኝ፣ ጉርብጥብጡ ግን ሁሌ አለ።

እንግዲህ ወደ መግዛቱ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከመኪናው ስር ገብታችሁ እዩ። ከፊት ግራና ቀኙን የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል ካለው፣ እንደ ጂፕ ራንግለር ወይም አገር ቤት እንደሞሉት ላንድክሩዘር 70ዎች፣ መፍታቱ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል። ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት ከሆነ፣ እንደ ሃይሉክስ፣ ታኮማና ፕራዶ፣ ጎማው ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስኑት ጎማውን የሚይዙት ክንዶችና የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ናቸው። ስዌይ ባሩን ብትፈቱ ምቾቱ ይሻሻላል፣ ጎማው ግን ተአምር አይሰራም። ለነዚህ መኪኖች ገንዘቡን መጀመሪያ ለደህና ጎማ አውጡት እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካው ቀድሟችሁ ሊሆን ይችላል። ራንግለር ሩቢኮን ከ2007 ሞዴል ጀምሮ የፊቱን ዘንግ ዳሽቦርዱ ላይ ባለ ቁልፍ የሚፈታ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አለው። 4ኤች ወይም 4ኤል ውስጥ፣ ማለትም አራቱም ጎማ በሚነዳበት ፈጣኑ ወይም ዘገምተኛው ማርሽ፣ ሆናችሁ ነው የሚሰራው፣ በሰዓት 18 ማይል ስታልፉ ራሱ ይመልሰዋል። ፎርድ ብሮንኮ ባድላንድስ ላይ ያለው ደግሞ በሃይድሮሊክ ነው፣ ጎማዎቹ ተጣመው ዘንጉ ተወጥሮ እያለ እንኳ ይፈታል። አዲሱ ላንድክሩዘር 250ም በአንዳንዶቹ ላይ በቁልፍ የሚፈታ የፊት ስታብላይዘር ይዞ ይመጣል። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ የድሮው ኒሳን ፓትሮል ዋይ61 ካላችሁ ዳሽቦርዱን እዩት፣ በአንዳንዶቹ ላይ የኋላውን ስታብላይዘር የሚለቅ ቁልፍ አለ፣ ሰው ለዓመታት ሳይነካው ይኖራል። አሸዋ ላይ ግን በፍጥነት የተራራውን ጎን ስትይዙ ፈትታችሁ አትሂዱ፣ መኪናው ቀስ ብሎ አይደለም የሚገለበጠው።

ፕራዶ 150 ወይም ላንድክሩዘር 200 ኬዲኤስኤስ የሚባለው የቶዮታ ሥርዓት ያለው ከሆነ ምንም አትግዙ። እሱ ቁልፍም የለውም። የፊቱና የኋላው ስታብላይዘር በዘይት ቱቦ ተገናኝተዋል፣ ኩርባ ላይ ሲሆን ይጠነክራሉ፣ ጎማዎቹ ተቃራኒ ሲሄዱ ዘይቱ እየተላለፈ ይለቃሉ። ራሱ ያስባል ማለት ይቻላል። መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ካለ፣ ሞላ ከመቀየራችሁ በፊት የዚህን ሥርዓት ቫልቮች ከፍቶ ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

እነዚህ ሁሉ ከሌሏችሁ፣ እንደኔ ማለት ነው፣ ከገበያ የምትገዙት ዓይነቱ ብዙ አይደለም።

ርካሹና ብዙ ሰው ያለው በእጅ የሚፈታው ሊንክ ነው። የድሮውን ሊንክ አውልቃችሁ በሱ ትተካላችሁ። የታችኛው ጫፍ ፒን ላይ ይሰካል፣ ክሊፕ ይቆልፈዋል። ለመፍታት ክሊፑን መንቀል፣ ሊንኩን ከፒኑ መሳብ፣ ዘንጉን ወደ ላይ ማዞርና ማሰር ነው። ጄኬኤስ የሚባለው አምራች ከታወቁት አንዱ ነው፣ ሌሎችም አሉ። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ከ100 እስከ 250 ዶላር ገደማ ነው። ስትመርጡ የቀለሙን ነገር ተዉት፣ ሶስት ነገር ጠይቁ። ርዝመቱ ይስተካከላል ወይ? የተፈታውን ሊንክ የሚያንጠለጥልበት መያዣ አብሮ ይመጣል ወይ? ክሊፗስ በገመድ ሊንኩ ላይ ታስራለች ወይስ ልቅ ነች? ሶስተኛው ቀላል ይመስላል። በረዶ ውስጥ ስትፈልጓት ይገባችኋል።

ኤሌክትሪኩ ዘንጉን መሃል ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሞተር እያገናኘ ይለያየዋል። ከወንበር ሳይነሱ መፍታት የመሰለ ነገር የለም። ችግሩ ቦታው ነው። ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ወንዝ ስትሻገሩ ውሃ የሚገባበት፣ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሚበላው እሱ ነው። ሽቦው የሚሰካበትን ከፍታችሁ ቅባት አድርጉበት፣ ባትፈልጉትም በየወሩ አንዴ ፈትታችሁ መልሱት። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት፣ ሜዳ ላይ፣ 4ኤል አስገብታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ከቀረ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው። ትንሽ ወደፊት ወደኋላ አድርጋችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ከዋጋው ላይ ተነጋገሩበት።

በአየር የሚሰራም አለ። ለሎከር፣ ማለትም የአንድ አክስል ሁለቱን ጎማዎች እኩል ለሚያዞረው መቆለፊያ፣ ብሎ ኮምፕሬሰር (አየር መንፊያ) ያስገባ ሰው ቢያስበው ያዋጣዋል። ለሌላው ሰው ኮምፕሬሰሩ፣ ቱቦው፣ ሽቦው ሲደመር ለአንድ ዘንግ ብዙ ጣጣ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ የማይፈታው አለ፣ አንታይሮክ የሚባለው። የፋብሪካውን ዘንግ አውልቃችሁ በለስላሳ ዘንግ ትተካላችሁ፣ ክንዶቹ ላይ ብዙ ቀዳዳ ስላለ ጥንካሬውን ሊንኩን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እያዛወራችሁ ትመርጣላችሁ። ዋጋው በእጅ ከሚፈታው ሁለት ሶስት እጥፍ ነው። ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ እንደተፈታ አይሆንም፣ አስፋልት ላይም እንደ ፋብሪካው አይጠነክርም። ግን ማታ የሚመለስ ነገር የለም! በየሳምንቱ ተራራ የሚወጣ፣ መኪናውም ቀላል የሆነ ሰው ቢጠይቀኝ ይህንን ነው የምለው። ጣሪያ ላይ ድንኳን ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ 75 ማይል ለሚበር ሰው ግን አልመክርም።

የመጨረሻው ምርጫ አውልቆ ጋራዥ ጥግ ላይ መጣል ነው። አገር ቤትም እዚህም የሚያደርጉት አሉ፣ "ሊንኩ እየተንኳኳ አስቸገረኝ" ብሎ አውልቆት የቀረ ሰው አውቃለሁ። ያው መኪና ነገ ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል። ድንገት ከፊቱ አህያ ገብታ መሪ ሲጠመዝዝ ያ ዘንግ ነበር የሚያድነው። የሚንኳኳው ሊንክ ወይም ቡሽ ነው፣ እሱን ቀይሩ።

ከገበያ ከሚገዙት የቱንም ብትመርጡ የፊቱን ብቻ ፍቱ። በራንግለር ዓይነት መኪና ላይ የኋላው ታስሮ ሲቆይ መኪናውን ያረጋጋዋል፣ ሁለቱም ሲፈቱ ቁልቁለት ላይ አካሉ እንደ ሰካራም ነው የሚሆነው። ደግሞ ትራክ ባሩን ከስዌይ ባሩ ጋር እንዳታምታቱ። ከቻሲው ወደ አክስሉ በሰያፍ የሚወርደው ወፍራም ብረት ትራክ ባር ነው፣ አክስሉን መሃል ላይ የሚይዘው እሱ ነው፣ መቼም አይፈታም።

ልኬቱ ላይ ሰው ይሳሳታል። መኪናውን 2.5 ኢንች ከፍ አድርጋችሁ የድሮውን ርዝመት ሊንክ ብትገዙ የዘንጉ ክንድ ወደ ታች ተስቦ ይቀመጣል። መኪናው በአራቱ ጎማ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ክሪክ ላይ ሳይሆን፣ ክንዱን ከመሬት ጋር ወደ አግድም ጠጋ አድርጋችሁ ያዙትና ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ለኩ። ሊንኩ ካጠረ፣ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ክንዱ ተገልብጦ ሊቀር ይችላል፣ ያን ጊዜ መኪናው ክብደቱን ሲመልስበት የሆነ ነገር ይሰበራል።

ከገጠማችሁ በኋላ ግቢያችሁ ውስጥ ፈትታችሁ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ከፍ አድርጉና ከሌላው ጎን ተቀመጡ። የፍሬን ቱቦውን እዩት። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ረጅም ቱቦ ያስፈልጋችኋል፣ ይህ የማይታለፍ ነው። ሾኩ አጭር ከሆነ ደግሞ ስዌይ ባሩ ሲይዘው የነበረውን አሁን ሾኩ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ያወጣችሁት ገንዘብ ግማሹ ባክኗል። ሾኩ በጣም ረጅም ከሆነ ሞላው ከመቀመጫው እንዳይወጣ እዩ። መሪውን እስከ ጥግ አዙሩና ወደ ላይ ያሰራችሁት ዘንግና ሊንክ ጎማውንም የፍሬን ቱቦውንም እንደማይነኩ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ማታው ልመለስ። መልሳችሁ ስታስሩ ቦታ ምረጡ፣ መንገዱ ያለቀበት ላይ ሳይሆን ሜዳ ያያችሁበት ላይ ቁሙ። መሪው ቀጥ ይበል፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ይግባ። ፒኖቹን ጥረጉ፣ ጭቃ ያለበት ፒን አይገባም። ቀላሉን ጎን መጀመሪያ አስገቡ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል ወይ ይተርፋል። ጓደኛችሁ ፓራውልቱ ላይ ይቁም ወይም መኪናውን ከጎን ይግፋው፣ እናንተ ሊንኩን ከጎን ብቻ ያዙ፣ ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ አድርጋችሁ "ገባ ወይ?" እያላችሁ አትሞክሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ከስሩ ውጡና ሞተሩን አስነስታችሁ መሪውን ትንሽ ግራ ቀኝ አድርጉ፣ አካሉ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ተመልሳችሁ ሞክሩ። ክሊፖቹ ከገቡ በኋላ ሁለቱንም ሊንኮች በእጅ ይዛችሁ ነቅንቁ።

እኔ እስካሁን በእጅ የሚፈታው ነው ያለኝ፣ ግን ክሊፖቹን በብረት ገመድ አስሬያቸዋለሁ፣ ፒኖቹንም ቅባት ሳልቀባ ከቤት አልወጣም። አመድ ማስቀመጫው ውስጥ ደግሞ ስድስት መጠባበቂያ ክሊፕ ነበረኝ። አሁን አምስት ነው የቀረው፣ አንዱን ባለቤቴ የቤት ቁልፍ ማንጠልጠያ አድርጋዋለች።