የተሳቢ ኤሌክትሪክ ፍሬን ሲስተካከል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ፍሬኑ ሲደክም በቀጥታ ኮንትሮለሩ (ከመኪናው ሆኖ ለተሳቢው ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚልከው መሣሪያ) ላይ ኃይል መጨመር። ከሁሉም የባሰው ስህተት ይህ ነው። ሸራው (ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ሽፋን) ተበልቶ ከታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ከራቀ፣ ማግኔቱ የሚገፋው ክንድ ሸራውን አጥብቆ ሳይጫን መንገዱን ይጨርሳል፤ ያኔ የሚጨመር ኃይል ሁሉ ከንቱ ነው። ሸራ ይቀድማል፣ ሽቦ ይከተላል፣ ኮንትሮለር መጨረሻ ላይ ነው።

ሸራውን በግምት ማጥበቅ። ተሳቢውን ከአክስሉ ሳይሆን ከሻንሲው በክሪክ አንስተው በደንብ ይደግፉት። ከታምቡሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ በኩል ባለጥርሱን ማስተካከያ በካቻቪቴ እያዞሩ፣ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ያጥብቁ። ከዚያ ሸራው ለስለስ ብሎ እየነካ ጎማው በነፃ እስኪዞር ያላሉት። ጎማውን ወደ ፊት ብቻ ያዙሩ። አዲስ ሸራ ከ300 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዳግም ይስተካከላል፤ ቀጥሎ በየ5,000ው።

ቴስተር 12 ቮልት ስላሳየ ሽቦው ደህና ነው ማለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዝገት የበላው ማሳ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የነጌቲቭ መስመር) ጭነት ከሌለበት ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ማግኔቶቹ መሳብ ሲጀምሩ ግን ይወድቃል። ስለዚህ አምፔር ይለኩ። ሞተሩ በርቶ፣ አምፔር መለኪያውን ከኮንትሮለሩ በሚወጣው የፍሬን ሽቦ መሃል ያስገቡ። በ10 እና በ12 ኢንች ታምቡር አንድ ማግኔት 3 አምፔር ያህል ይስባል፤ አራት ከሆኑ 12 ገደማ። 9 ካሳየ አንዱ ማግኔት ተቋርጧል። ያለምክንያት ዝቅ ካለ ማሳውን ወይም የቀጠነ ሽቦን ይጠርጥሩ። ከልክ ካለፈ ወይም ፊውዝ ካቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል፤ በአክስሉ ውስጥ የሚያልፈውን ክፍል አስቀድመው ይዩ። ማግኔቱ ተነቅሎ ሲለካ 3.2 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ሁለቱ የማግኔት ሽቦዎች ፖዘቲቭና ነጌቲቭ አይለዩም፣ ቢቀያየሩ ችግር የለውም። ማሳውን በመጎተቻው ኳስ ላይ መተው ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የራሱ ሽቦ ይኑረው።

ግራሶ የነካውን ሸራ አጥቦ መመለስ። ግራሶው ውስጡ ሰርጿል። በዚያው አክስል ያሉትን የሁለቱንም ጎማዎች ሸራ ይቀይሩ።

ኮንትሮለሩን መኪናው ቆሞ ማስተካከል። በደረቅና ሜዳ መንገድ፣ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት የኮንትሮለሩን የእጅ ማዘዣ ይግፉ፤ ጎማው ተቆልፎ ከመንሸራተቱ ጥቂት ዝቅ ያለው መጠን ልኩ ነው። ጭነት ሲቀየር እንደገና ይሞክሩ።

የመገንጠያ ስዊቹን (ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፒኑ ተስቦ ከተሳቢው ባትሪ ፍሬኑን የሚያስይዘውን) እንደ እጅ ፍሬን መጠቀም። ባትሪውን ይጨርሳል፣ ማግኔቶቹንም ያግላል። ሲፈትሹት አስቀድመው የተሳቢውን ሶኬት ከመኪናው ይንቀሉ፤ አለዚያ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። ፒኑን ሲስቡ ጎማዎቹ ካልተያዙ ባትሪውን ይለኩ።