ፍላሹ ባዶ ነው ይላል፤ ቦታው ግን ተይዟል

ፋይሌ ጠፋ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ፍላሹን በማውሱ ቀኝ ተጫኑና «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግቡ። ከ16 ጊጋባይቱ 11ዱ ተይዟል ካለ፣ ስትከፍቱት ግን ምንም ከሌለ፣ ዕቃው እዚያው ነው። ተሸፍኖባችሁ ነው እንጂ አልጠፋም። የተያዘው ቦታ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ያም ሆነ ይህ ለጊዜው ፎርማት የሚባል ነገር አትንኩ።

ፎልደሩ መኖሩን ታውቃላችሁ፤ ግን አይታይም

ዊንዶውስ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ይይዛል። አንዱ «ሂድን» ይባላል። ምልክቱ ካለበት ፋይሉ ከዓይን ይሰወራል፣ በቃ። ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት «አፕዳታ» ፎልደር የማይታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና የላቲኑን «ኢ» አንድ ላይ ተጫኑ፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ይከፈታል። ዊንዶውስ 11 ላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ሂድን አይተምስ» በሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» ስትሉ እዚያው ሳጥኑ አለ፤ ምልክት አድርጉበት። የተደበቁት ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ድብዝዝነታቸው የብልሽት አይደለም፤ ድብቅ መሆናቸውን እየነገሯችሁ ነው።

አብርቼዋለሁ፤ አሁንም የለም

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ፍላሹ ላይ ፎልደሮቻችሁ በስማቸው ይታያሉ፤ ግን ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አለች፣ መጠናቸውም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። እነዚህ ፎልደሮች አይደሉም። ቫይረስ የሠራቸው ሾርትከቶች ናቸው፤ ማለትም ሲነኩ ሌላ ነገር የሚከፍቱ አቋራጮች። ደብል ክሊክ ባደረጋችሁ ቁጥር የምትከፍቱት ቫይረሱን ነው፤ ስለዚህ እጃችሁን ሰብስቡ።

ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች «ሂድን» ብቻ ሳይሆን «ሲስተም» ጭምር አድርጓቸዋል። ዊንዶውስ ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ሲያይ የራሱ ወሳኝ ፋይል መስሎት ያንን ተራ ሳጥን ብታበሩም አያሳይም። ፎልደሩን ብታገኙት እንኳ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሂድን» የሚለው ሳጥን ደብዝዞ አልነካ ይላል።

በትእዛዝ ነው የሚነሳው። ስታርት ላይ ሲ ኤም ዲ ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉና ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ከፍላሹ ስም አጠገብ ያለችውን ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር (አንዱ ከሌላው በላይ የሆኑት) ጻፉ፤ ፍላሹ ኢ ከሆነ፣ ኢ እና ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ኢንተር። መስመሩ በኢ መጀመሩን ሳታዩ አትቀጥሉ። ሲ ላይ ሆናችሁ ብታዙት የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ምልክት ትነካካላችሁ።

አሁን ስልክ ላይ እንደሚያስጽፍ ሰው ላስጽፋችሁ፦ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ። ስፔስ። ሰረዝ ኤስ። ስፔስ። ሰረዝ ኤች። ስፔስ። ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ። ስፔስ። ስላሽ ኤስ። ስፔስ። ስላሽ ዲ። ኢንተር። ስላሿ ከጥያቄ ምልክት ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለችው ናት፤ ወደ ኋላ የተጋደመችው አይደለችም።

ፋይሉ ብዙ ከሆነ ዝም ብሎ ይቆያል። አትዝጉት፤ መስመሩ ተመልሶ ሲመጣ ጨርሷል። «ኖት ሪሴቲንግ ሲስተም ፋይል» ብሎ ካማረረ ሰረዝ ኤስን ዘላችኋል ማለት ነው፤ ሁለቱም ምልክቶች አንድ ላይ ነው የሚነሱት።

ከዚያ ፍላሹን ክፈቱ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ጠቅልሎ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነው የሚከተው፤ ስም የለውም ብላችሁ እንዳታልፉት። ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ቅዱ፣ ሾርትከቶቹን አጥፉ፣ ፍላሹንም ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ ፈትሹ። ፍላሹን ብቻ አጽድታችሁ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሰካችሁት ነገ ያው ነው።

ያበራሁት ሳጥን ራሱ ተመልሶ ይጠፋል

ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ እየሠራ ነው። እናንተ ታበራላችሁ፣ እሱ ያጠፋል። መጀመሪያ እሱ ይውጣ።

ማክና ሊኑክስ

እዚህ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ሁሉ ድብቅ ነው። ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብ አንድ ላይ ተጫኑ፤ መልሳችሁ ስትጫኑ ይደበቃሉ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮልና ኤች ነው።

የነጥቡ ነገር አመጣጡ ያስቃል። የማክና የሊኑክስ አባት ከሚባለው ከዩኒክስ ሲስተም ሰዎች አንዱ የሆነው ሮብ ፓይክ እንዳስረዳው፣ መነሻው የተቻኮለ ኮድ ነው። እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንድ ነጥብ (ፎልደሩ ራሱ) እና ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ (በላዩ ያለው ፎልደር) የተባሉ ሁለት ስሞች ነበሩ። እነሱን ከዝርዝሩ ለማስቀረት የተጻፈው ኮድ የሚያየው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ሆነ። በነጥብ የሚጀምር ሌላውም ሁሉ አብሮ ተደበቀ፤ እንደዚያው ቀረ።

ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሁሉ በአንዴ ጠፋ

ይሄኛው የፋይል መደበቅ ላይሆን ይችላል። ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ ተጫኑ፣ «ቪው»፣ «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ»። አልተመለሱም? የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ በሆነው ዋንድራይቭ ውስጥ ያለውን ዴስክቶፕ ፎልደር እዩ። የዋንድራይቭ ባክአፕ ሲበራ ፋይሎቹ ወደዚያ ይዞራሉ።

ዴስክቶፔ ላይ የማላውቀው ፋይል መጣ

«ዴስክቶፕ ነጥብ አይ ኤን አይ» ይባላል፤ አንዳንዴም ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። ቫይረስ አይደለም። «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ሳጥን ስላነሳችሁ ነው የታየው። አታጥፉት፤ ሳጥኑን መልሳችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ይሰወራል።