የዱካቲ ታይሚንግ ቤልት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ታይሚንግ ቤልት የክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ዙር ወደ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ዘንግ) የሚያስተላልፍ ባለ ጥርስ ቀበቶ ነው። እዚህ የምናወራው በአየር ስለሚቀዘቅዙት ባለ ሁለት ቫልቭ የዱካቲ ሞተር ሳይክል ሞተሮች ነው፤ ሞንስተር 620፣ 696፣ 796 እና መሰሎቻቸው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቤልት አላቸው። ብዙ መኪኖች ላይ እንዳለው ራሱን የሚያስተካክል መወጠሪያ የላቸውም። ውጥረቱ የሚስተካከለው በሰው እጅ ስለሆነ አብዛኛው ችግር የሚመጣውም ከዚያው ነው።

ከጋዝ ጋር እየጨመረ የሚሄድ የፉጨት ድምፅ

ቤልቱ ከልክ በላይ ተወጥሯል። በጣት ተጭኖ «ጠንከር ይበል» ብሎ ማጥበቅ በጣም የተለመደ ነው፣ ግን የጠበቀ ቤልት አስተማማኝ ቤልት አይደለም፤ የሮለሮቹንና (ቤልቱ የሚያልፍባቸው ተሽከርካሪ ክቦች) የካምሻፍቱን ኩሽኔታ ይበላል። ሞተሩ ሲሞቅ አልሙኒየሙ ስለሚለጠጥ ውጥረቱ ይብስበታል። ስለዚህ ልኬት ሁልጊዜ የሚወሰደው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ማታ የቆመውን ጠዋት ከመነሳቱ በፊት መለካት ይመረጣል።

ባለቤቶች ዘንድ የታወቀው ቀላል ዘዴ የአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ቁልፍ) ነው። በማይንቀሳቀሰው ሮለርና በቤልቱ መካከል የ5 ሚሊሜትሩ ቁልፍ ጠበቅ ብሎ ያልፋል፣ የ6 ሚሊሜትሩ ግን ማለፍ የለበትም። ከዚህ የተሻለው በድምፅ መለካት ነው። የቤልቱን ረጅም ክፍል እንደ ክራር ክር መታ አድርገው በስልክ የድምፅ መለኪያ ያዳምጡት። ለብዙዎቹ ባለ ሁለት ቫልቭ ሞተሮች አዲስ ቤልት 110 ኸርዝ አካባቢ ሊሰጥ ይገባል፤ የጊታር አምስተኛው ክር ሳይነካ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ማለት ነው። የእርስዎ ሞዴል መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ።

በሚኒሞ (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ) ላይ ከሽፋኑ ውስጥ የሚመታ ድምፅ

ቤልቱ ላልቷል። የፕላስቲክ ሽፋኑን ፈትተው ውስጡን ይዩ፣ ቤልቱ የፋቀው መስመር ካለ ማረጋገጫው እሱ ነው። የላላ ቤልት ጥርስ ሊዘል ይችላል፤ ይህ እስኪስተካከል ሞተሩን አያስነሱ።

ዘይት የነካው፣ የተሰነጠቀ ወይም ጥርሱ የጎደለ ቤልት

ዘይት ካለ መጀመሪያ የሚያፈስሰው የዘይት ማኅተም ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱም ቤልት ይበላሻል። ስንጥቅ ባይኖር እንኳ ዕድሜው ይቆጠራል፤ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች በየ2 ዓመቱ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ በኋለኞቹ ጊዜው ተራዝሟል። ብዙ ጊዜ ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል «ትንሽ ነው የተነዳው» ተብሎ አይታለፍ።

ሲቀይሩ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። አዲሱን ቤልት አያጥፉት፣ አይጠምዝዙት፣ በካቻቢቴም አይፈልቅቁት፤ ውስጡ ያለው ክር ይሰበርና ከውጭ ምንም አይታይም። ሮለሮቹን በጣት አሽከርክሩ፣ ሸካራ ስሜት ያለው ይለወጥ።

ከቅያሬ በኋላ አልነሳ ማለት፣ ጉልበት ማጣት ወይም በጭስ ማውጫ መተኮስ

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ቤልቱ በፑሊው (ቤልቱ በሚጠመጠምበት ባለ ጥርስ መዘውር) ላይ አንድ ጥርስ ስቷል። ወዲያው ያጥፉት፤ «ትንሽ ሲሄድ ይስተካከላል» የሚባል ነገር የለም።

ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን) አውልቁ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ በእጅ ወደ ፊት አዙሩት። አግድም የተኛው ሲሊንደር በመጭመቂያው ምት መጨረሻ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ በሁለቱ የካምሻፍት ፑሊዎችና ቤልቶቹን በሚያሽከረክረው የታችኛው ፑሊ ላይ ያሉት ምልክቶች ከትይዩዎቻቸው ጋር መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ቤልቱን አላልቶ ከምልክቱ እንደገና መጀመር ነው። ከገጠሙም በኋላ ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ምልክቱንም ውጥረቱንም ዳግም እዩ። ሲዞር ድንገት ጠንክሮ ከቆመ አታስገድዱት፣ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። የመወጠሪያው ቡሎኖች የሚጠብቁት በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው፤ ከጠበቁ በኋላም ውጥረቱ አንዴ ይለካ፣ ሲጠብቁ ቦታው ትንሽ ሊንሸራተት ይችላልና።

እየሄደ ድንገት መጥፋት

ቤልት ተበጥሶ ከሆነ ስታርተሩን ደግመው አይንኩት፤ እያንዳንዱ ዙር ጉዳቱን ያሰፋል። ሽፋኑን ፈትተው ይዩ። ከተበጠሰ አዲስ አስገብቶ መሞከር አይበቃም። ሞተሩ በእጅ እየዞረ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመታመቅ አቅም ይፈተሽ፣ የማይዝ ሲሊንደር ካለ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ክዳን) ወርዶ የታጠፈው ቫልቭ ይቀየር።