በጾም ወራት የኮሌስትሮልና የስኳር ምርመራ፦ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ደም እንስጥ?

ባሕር ዳር ላይ ዐቢይ ጾም ከዓመቱ ሙቀት ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው በዚያው ሰዓት ላቦራቶሪ ገብቶ ደም ቢሰጥ ውጤቱ የጤናውን ብቻ ሳይሆን የሰዓቱንና የውኃ ጥሙንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ ይቀድማል።

በባዶ ሆድ ለሚታይ ስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ለትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ላለው የስብ ዓይነት) ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይበቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት የበላ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 12 ሰዓት ሞልቶታል፤ መሄድ ያለበት ያኔ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከቆየ 19 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጉበት ያጠራቀመው ስኳር እየተሟጠጠ ሰውነት ወደ ስብ ይዞራል፤ ሽንት ውስጥ ኬቶን (ስብ ሲቃጠል የሚወጣ ንጥረ ነገር) ሊታይ፣ ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድም ከፍ ሊል ይችላል። ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ቢሊሩቢንም ይጨምራል፤ በተለይ ጊልበርት የሚባለው ጉዳት የሌለው የዘር ባሕርይ ያለበት ሰው ጉበቱ የታመመ መስሎት በከንቱ ይደነግጣል። ውኃ ጥሙ ደግሞ ዩሪያን (በኩላሊት የሚወጣውን ቆሻሻ)፣ አልቡሚንን (የደም ፕሮቲን)፣ ሄማቶክሪትን (የቀይ የደም ሴሎችን ድርሻ)፣ በጥቂቱም ኮሌስትሮልን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ለጿሚ የሚመች መፍትሔ አለ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ ከፍስክ ቢታቀቡም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም። ስለዚህ የማይቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፣ ንጹሕ ውኃ ግን ጠጥተው ይሂዱ። ቡናና ሻይ ይቅር። ከባጃጅ ወርደው በፀሐይ እንደመጡ ክንድዎን አይዘርጉ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፤ ቆሞ መቆየት ብቻውን ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋልና። የስኳሩ ደም በተራ ቱቦ ተቀምጦ ከዘገየ ሴሎቹ ስኳሩን ስለሚበሉት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል፤ ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ መወሰዱን ወይም ቶሎ መለየቱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብዙ ላቦራቶሪ ኤልዲኤልን («መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል) አይለካውም፤ ያሰላዋል፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን («ጥሩ» የሚባለውን) እና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤሉ 40፣ ትራይግሊሰራይዱ 150 ከሆነ ኤልዲኤሉ 140 ነው። ያው ሰው ማኪያቶ በስኳርና ፓስቲ ቀምሶ ገብቶ ትራይግሊሰራይዱ 250 ቢደርስ ስሌቱ 120 ይላል። ምንም ሳይሻለው የተሻለው ይመስለዋል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ስሌቱ ጭራሽ አይያዝም። (እነዚህ ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ ወረቀቱ ሚሊሞል ካለ ኮሌስትሮሉን በ38.67፣ ትራይግሊሰራይዱን በ88.57፣ ስኳሩን በ18 ያባዙ።)

ጾሙ ራሱስ? ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ለሳምንታት ሲቀሩ ኤልዲኤል አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ ኤችዲኤልም ትንሽ አብሮ ሊወርድ ይችላል። ትራይግሊሰራይድ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማዕዱ ላይ በሚቀርበው ይወሰናል፤ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ ይወጣል። ሽሮና ምስር በበዛበት ቤት እንዲህ ብዙ አይታይም። ትልቁ ወጥመድ ዘይቱ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚያወጣ የስብ ዓይነት ነው። ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ቢልም የትኛውም የዕፅዋት ዘይት የለውም፤ ጥያቄው ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል። በጣና ዳር ብዙ ሰው በጾም ዓሣ ይበላል፤ የሥርዓቱን ነገር ለነፍስ አባት ትተን፣ ቆሮሶው በፓልም ዘይት ተጠብሶ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። የጀበና ቡናም በወረቀት ስለማይጣራ ኤልዲኤልን የሚጨምር ቅባት አለው። በጾም ሦስቱን ስኒ ወደ አንድ ያወረደ ሰው ከለውጡ ጥቂቱ የቡናው ሊሆን ይችላል።

ለማነጻጸር ሁለት ምርመራ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን የጾም ውጤት ከኒቆዲሞስ (ከጾሙ ሰባተኛ) ሳምንት በፊት አይፈልጉ፤ አመጋገብ ሲቀየር ኤልዲኤል እስኪረጋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የፋሲካ ሳምንት ለምርመራ ከሁሉ የከፋው ነው፦ ሥጋው ክሬአቲኒንን (የኩላሊት ሥራ መለኪያውን) እና ዩሪክ አሲድን፣ ጠላውና አረቄው ትራይግሊሰራይድን ያወጣሉ። እውነተኛው የፍስክ ቁጥር የሚገኘው በበዓለ ሃምሳ መጨረሻ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት ያለውን ሳምንት ይጠቀሙበት። ክብደትዎ በፍጥነት እየቀነሰ ከሆነ ግን ኤልዲኤል ለጊዜው ሊወጣ ስለሚችል ክብደቱ እስኪረጋ ይጠብቁ። ወባ ወይም ታይፎይድ ይዞዎት ከነበረም ከዳኑ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆዩ፤ ሕመሙ ኮሌስትሮልን ያወርዳል።

«የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ በባዶ ሆድ መሆን አያስፈልገውም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የ55 ቀኑን ጾም በከፊል ብቻ ያሳያል። ወባ ሴሎቹን ስለሚያፈርስ ዝቅ፣ የብረት እጥረት ደግሞ ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ እንክብል) የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ላቦራቶሪ ወረፋ ላይ አይቀመጥ፤ መጠኑንና ሰዓቱን ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር ያስተካክል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ፣ ወይም ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ።