ጆሮ የሚወጋውን የመሐል ስፒከር እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሳሎናችን ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ጎንደር አዲስ የሚሠራው ቤት አብዛኛው እንደዚሁ ነው። ሙዚቃ ላይ ችግር የለም። ፊልም ላይ ግን ሰው ማውራት ሲጀምር «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ይወጋሉ፤ ድምፁን ስንቀንሰው ደግሞ ንግግሩ ይጠፋል።

የፊልም ንግግር በብዛት የሚወጣው ከመሐሉ ስፒከር ነው። እሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማጣራት ገመዱን ነቅዬ በግራው ስፒከር ላይ ሰካሁት። ንግግሩ ለስለስ አለ። ያ ማለት ግን የመሐሉ ሞቷል ማለት አይደለም፣ የግራው ክፍት ቦታ ላይ ነው የቆመው። የመሐሉ የቲቪ ማስቀመጫው መደርደሪያ ውስጥ ተወሽቋል፤ ድምፁ እንጨቱ ላይ እየነጠረ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ትንሽ እስኪያልፍ ወደፊት ሳብኩት፣ ከፊት በኩል ከሥሩ ቁራጭ ጎማ አስገብቼ ሶፋ ላይ ወደተቀመጠ ሰው ጆሮ አቀናሁት። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው፤ ወጪውም ዜሮ!

ከዚያ ሪሲቨሩ፣ ማለትም ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ። ንግግር አጉሊው በርቶ ነበር፣ አጠፋሁት። ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ያለው ድምፅ ላይ ጆሯችን በጣም ስሱ ነው፣ እዚያ ላይ መጨመር ለእንዲህ ያለ ክፍል አይሆንም። የመሐሉ ስፒከር ሪሲቨሩ ላይ «ትልቅ» (ወፍራሙንም ድምፅ ራሱ የሚያወጣ) ተብሎ ተሞልቶ ስለነበር «ትንሽ» አልኩት፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሰብዉፈሩ (የባስ ስፒከሩ) ይሸከም።

ወለሉ ላይ የሚነጥረውን ድምፅ እንዲውጥ ምንጣፍ ከሶፋው ፊት ተነጥፏል። መጋረጃው ቀርቷል፣ እሱ ደመወዝ ይጠብቅ።