የምድርን ሰንበት ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ምድር ዕረፍት፣ ማለትም እስራኤል ስድስት ዓመት ዘርቶ በሰባተኛው ዓመት ምድሩን ሳይዘራ እንዲያሳርፍ ስለ ታዘዘበት ሕግ፣ ሲሰበክ ደጋግሜ የምሰማው፣ ሊታረምም ሲገባው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ስህተት ትእዛዙን የእርሻ ምክር አድርጎ ማቅረብ ነው። «መሬት ጦም ሲያድር ለምነቱ ይመለሳል፤ እግዚአብሔር ይህን አስቀድሞ ስላወቀ አዘዘ» ይባልና ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። መሬትን ማሳረፍ እንደ አፈሩና እንደ አያያዙ ሊጠቅም እንደሚችል አልክድም። ነገር ግን ዘጸአት 23፥10-11 ስለ ለምነት አንድም ቃል አይናገርም፤ የሚሰጠው ምክንያት የሕዝቡ ድሆች እንዲበሉ፣ ከእነርሱ የተረፈውንም የሜዳ እንስሳ እንዲበላው ነው። ዘሌዋውያን 25፥6-7 ባለ መሬቱን፣ አገልጋዩን፣ ምንደኛውን፣ መጻተኛውን፣ ከብቱንና አውሬውን ከአንድ ማሳ ያበላል፤ በቁጥር 23 ላይም እግዚአብሔር ምድር የእርሱ እንደ ሆነች፣ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደ ሆኑ ይናገራል። በአንድ የጥናት ጉባኤ ላይ ይኸው የለምነት ትምህርት ከተሰጠ በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ «እንግዲያው ማዳበሪያ ያለው ገበሬ ትእዛዙ አይመለከተውም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ልጁ በትክክል አስቦ ነበር፤ የተሳሳተው የተሰጠው ትምህርት ነው። ድሃውንና አውሬውን ከትእዛዙ ካወጣናቸው የሚቀረን በማንኛውም የተሻለ ዘዴ ሊተካ የሚችል የአስተራረስ ስልት ብቻ ነው።

ሰባተኛውን ዓመት ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ ከሚመለስበት ከኀምሳኛው፣ ከኢዮቤልዩ ዓመት ጋር አታደባልቁ።

«ምድርን ሙሉአት፣ ግዙአትም» የሚለውን ዘፍጥረት 1፥28ን ብቻ አንብቦ ሰው ፍጥረትን እንዳሻው እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል ማለትም አይገባም። ዘፍጥረት 2፥15 ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ዘዳግም 20፥19 ከተማን በከበበ ሠራዊት ፊት እንኳ ለፍሬ ዛፎች ጥበቃ ያደርጋል፣ 22፥6-7 ደግሞ ጫጩቶችን የወሰደ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ያዝዛል።

ትእዛዙ ቀላል እንደ ነበረ አድርጎ መናገር ሌላው ስህተት ነው። «በሰባተኛው ዓመት ምን እንበላለን?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በዘሌዋውያን 25፥20 ተጽፏል፤ መልሱም የስድስተኛው ዓመት በረከት ለሦስት ዓመት እንደሚበቃ የተሰጠ ተስፋ ነው። እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ ሳይጠብቀው ኖሯል። 2ኛ ዜና መዋዕል 36፥21 የባቢሎንን ምርኮ 70 ዓመት ምድሪቱ ያጣቻቸውን ሰንበቶች ያገኘችበት ዘመን ይለዋል፤ ከምርኮ የተመለሱትም በነህምያ 10፥31 ሰባተኛውን ዓመትና ዕዳ ማስለቀቅን ሊጠብቁ እንደገና ቃል ገብተዋል። ዕዳው እዚያ የተጠቀሰው በአጋጣሚ አይደለም፤ በዘዳግም 15 መሠረት በሰባተኛው ዓመት አበዳሪም እጁን መልቀቅ ነበረበት።

ከዚህ የተነሣ ትንሽ ማሳ ብቻ ያለውን ምስኪን ገበሬ «ዘንድሮ አትዝራ» ብሎ ማዘዝ እጅግ ያሳዝነኛል። ትእዛዙ የተሰጠው ለመላው እስራኤል በምድራቸው ነበር፤ ባለጠጋውም ድሃውም አብረው እንዲያርፉ፣ ያልተዘራውን ማሳ ፍሬ አብረው እንዲበሉ ነበር። ያ ሁሉ በሌለበት ድሃውን ብቻውን ማሳረፍ ትእዛዙ ሊያበላው ያሰበውን ሰው ማስራብ ነው።

ሕዝቡ ሲማረክ ምድሪቱ ባድማ ሆና ያልተጠበቁላትን ሰንበቶች ታርፋለች የሚለውን ዘሌዋውያን 26፥34-35ን ይዞ ድርቅ በደረሰበት ሰው ላይ መፍረድም ከዚህ አይለይም። ምዕራፉ ቃል ኪዳኑን ስላፈረሰው እስራኤል የሚናገር ነው፤ ያን የሚያነብ ሰው እግዚአብሔር ከአባቶች ጋር የገባውን ቃል ኪዳን፣ ምድሪቱንም ጭምር እንደሚያስብ የሚናገረውን ቁጥር 42ን ሳያነብ መጽሐፉን ሊዘጋ አይገባውም።